ኩባንያው ከስሯል፣ መለዋወጫው ግን ገበያ አላጣም

ኮሞዶር የተባለው የአሜሪካ ኮምፒዩተር አምራች ከከሰረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1982 በ595 ዶላር ለገበያ ያቀረበውና ከ12 ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ የሚገመተው የቤት ኮምፒዩተሩ ኮሞዶር 64 ግን ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ አዲስ መለዋወጫ ይመረትለታል። አምራቹ በ1994 ከገበያ ሲወጣ ቦታውን የያዙት በትንሽ ካፒታል የሚሠሩ ግለሰቦችና አነስተኛ ድርጅቶች ናቸው።

አሮጌ ማሽን የገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያስፈልገው አዲስ ፓወር ሰፕላይ ነው። ከማሽኑ ጋር ይሸጥ የነበረው ውስጡ በደረቅ ሙጫ የተሞላ በመሆኑ ሙቀት ያምቃል፤ ተከፍቶም አይጠገንም። ሲበላሽ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ 5 ቮልት መስጠት የሚገባው መስመር ከልክ በላይ ይለቅና የማስታወሻ ቺፖቹን ያቃጥላል። ስለዚህ ከአሮጌ ፓወር ሰፕላዩ ጋር "ተሞክሮ የሚሠራ" ተብሎ የሚቀርብ ማሽን ለገዢው ዋስትና ሊሆን አይችልም።

ትልቁ ሽሚያ ያለው ሲድ በተባለው የድምፅ ቺፕ ላይ ነው። ቺፑን የሚያመርት ፋብሪካ የለም፣ ሙዚቀኞች ደግሞ ይፈልጉታል። ኤሌክትሮን የተባለው የስዊድን ድርጅት በ1999 ሲድስቴሽን የተሰኘ የሙዚቃ መሣሪያ በዚሁ ቺፕ ሠርቶ ነበር፤ የቺፑ ክምችት ሲያልቅ ምርቱም አበቃ። እጥረት ባለበት አስመሳይ አይጠፋምና፣ የፊት ጽሑፋቸው ተፍቆ እንደገና የታተመባቸው ቺፖች ገበያው ውስጥ ይዘዋወራሉ። እውነተኛውም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው፦ 6581 የሚሠራው በ12 ቮልት፣ 8580 ደግሞ በ9 ቮልት ነው። ይህን ሳይለይ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ቦታ የሚሰካ ገዢ ገንዘቡን ያቃጥላል። አርምሲድና ኤፍፒጂኤሲድ የተባሉት ምትኮች ተፈላጊ የሆኑት አቅርቦታቸው በአሮጌ ክምችት ላይ ስላልተንጠለጠለ ነው።

የዲስክ ማንበቢያው ጉዳይ ቀለል ይላል። የቀድሞው 1541 በአንድ የዲስክ ገጽ 170 ኪሎባይት ብቻ ይይዛል፣ ፍጥነቱም የኤሊ ነው። በኤስዲ ካርድ የሚሠራው ኤስዲቱአይኢሲ ርካሽ ቢሆንም የራሳቸውን ፈጣን የመጫኛ ዘዴ የሚጠቀሙ አንዳንድ ጨዋታዎች አይሠሩበትም፤ 1541ን ሙሉ በሙሉ የሚተካው አልቲሜት ካርትሪጅ ዋጋው ከፍ የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። የዚያው ኩባንያ ምርት የሆነው የአሚጋ ባለቤቶች ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ጎቴክ ነው። የሚገርመው ዕቃው የታሰበው ለጨዋታ ሳይሆን ፍሎፒ ዲስክ ለሚጠቀሙ የቆዩ የፋብሪካ ማሽኖች ነበር።

የኮሞዶርን ስም የገዙ አዳዲስ ባለቤቶች በ2025 ኮሞዶር 64 አልቲሜት የተባለ ማሽን ወደ 300 ዶላር በሚጠጋ መነሻ ዋጋ ትእዛዝ መቀበል ጀምረዋል። ማሽኑ የሲድን ድምፅ ራሱ አስመስሎ ያወጣል፤ ሆኖም ለአሮጌው ቺፕ የሚሆኑ ሶኬቶችም ተደርገውለታል። በእጁ እውነተኛ ሲድ ያለ ነጋዴ ዋጋውን ለመቀነስ ገና አይቸኩልም።