የማጅራት ቀንበር

ቡታጅራ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሙያ በማገለግልበት ክፍል ማጅራቱን አሞት የሚመጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚከሰው ብርድን ነው። ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው የማለዳ ነፋስ በእርግጥ ብርዳም ስለ ሆነ ክሱን አላጣጥለውም፤ ነገር ግን አንገቱን በነጠላ ጠምጥሞ የመጣው ሰው ተራው እስኪደርስ በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አገጩ ደረቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው አጎንብሶ የእጅ ስልኩን ሲመለከት ባየሁ ቁጥር፣ የሕመሙ ምክንያት ከተራራው ሳይሆን ከመዳፉ እንደ ሆነ ልቤ ይነግረኛል።

ባለፈው ክረምት ከእናቷ ጋር የመጣችው ወጣት በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ በቴሌብር ገንዘብ ስትልክና ስትቀበል የምትውል፣ ሁለት ስልክ ከእጇ የማይለይ ነበረች። በአንገቷና በትከሻዋ መካከል ያለውን ጡንቻ በመዳፌ ብነካው እንደ ደረቀ ጠፍር ጠንክሮ አገኘሁት። «ስልኩን እንዴት እንደምትይዢው እስቲ አሳዪኝ» ብላት፣ ገና ከማንሣቷ ሁለቱ ትከሻዎቿ ወደ ጆሮዎቿ ወጡ፤ እስትንፋሷም ተገታ። እርሷ ይህን ከቶ አላስተዋለችም ነበር። በእኔ አስተያየት ከማጎንበሱ ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ሳያውቁት ትንፋሽን ይዞ መዋል ነው።

የሰው ራስ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ኬኔት ሃንስራጅ የተባለ አሜሪካዊ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንገት 60 ዲግሪ ሲያጎነብስ በክሣድ አጥንቶች ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ያህል እንደሚደርስ አስልቷል፤ ይህም ከሩብ ኩንታል በርበሬ ይበልጣል። ነገሩ የስሌት ውጤት እንጂ በሕያው ሰው አንገት ላይ የተለካ ስላልሆነ ቁጥሩን እንደ ፍጹም ቃል አልይዘውም። ደግሞስ አበው አላጎነበሱምን? ብራናውን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲገለብጥ የኖረው ጸሐፊ፣ በዚህም አገር እንሰት ስትፍቅ የምትውለው እናት አንገታቸውን ደፍተው ኖረዋል። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ብዕሩን ከቀለም ሊነክር ቀና ይላል፤ እናትም የያዘችውን ፍቃ ስትጨርስ ሌላ ልታመጣ ትነሣለች። ሥራው ራሱ ዕረፍትን ያዝዛል፤ የስልኩ ገጽ ግን ማለቂያ ስለሌለው ቀና በል የሚል የለውም።

ዮጋን ለሕሙማኔ ያቀረብሁት ስልኩ የማያዝዘውን ዕረፍትና የተገታውን እስትንፋስ እንዲመልስላቸው ነው። ቃሉ በጥንታዊው የሕንድ ልሳን፣ በሳንስክሪት፣ መጥመድ፣ ማጣመር ማለት ነው፤ ከቀንበር ጋር አንድ ሥር አለው። ምእመናን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ «ዶክተር፣ ይህ የሌላ ሃይማኖት ሥርዓት አይደለም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው የሚከበር ጥያቄ ነውና በምንጩ ከሕንዶች አምልኮና ተመስጦ ጋር የተሳሰረ መሆኑን አልሸሽግም፤ እኔ የምወስደው አቀማመጡንና እስትንፋሱን ብቻ እንደ ሆነ እነግራቸዋለሁ፤ ኅሊናው ያልፈቀደለትንም አላስገድድም። በጀርመን አገር ሥር የሰደደ የአንገት ሕመም ባለባቸው 51 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ 9 ሳምንት ዮጋ የሠሩት በቤታቸው የተለመደ የአካል እንቅስቃሴ ከሠሩት ይልቅ ሕመማቸው ቀሎ ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በክፍሌ ከማየው ጋር ግን ይስማማል።

ለወጣቷ ያሳየኋት እጅግ ቀላሉን ነው። በበርጩማ ላይ ጀርባዋን አቅንታ ተቀምጣ፣ አየር ስትስብ ትከሻዎቿን ከፍ፣ ስታስወጣ ዝቅ ታደርጋለች፤ ከዚያ አገጯን በጥቂቱ ወደ ኋላ ስባ፣ ቀኝ ጆሮዋን ወደ ቀኝ ትከሻዋ፣ ትከሻውን ሳታነሣ፣ በገዛ ክብደቱ እንዲወርድ ትተወውና አምስት ጊዜ በእርጋታ ትተነፍሳለች፤ በግራም እንዲሁ። በእጅ መሳብ የለም፤ አንገትን በኃይል መጠምዘዝ የለም። ፀጉር ቤት ሄዶ አንገቱን ቀጭ ማስደረግን እንደ መድኃኒት የቆጠረ ወጣት ባየሁ ጊዜ በእውነት አዝናለሁ፤ በአንገት ውስጥ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሥሮች ያልፋሉና። እጁ የሚደነዝዝ ወይም የሚዝል፣ ይልቁንም ትኩሳት ይዞት ማጅራቱ የገተረ ሰው ዮጋንም ሌላውንም ትቶ ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። ስልኮቹን ከዓይኗ ትይዩ ለማድረግ ባዶ የፓስታ ካርቶን በጠረጴዛዋ ላይ እንዳቆመች፣ የገንዘቡ መልእክት እስኪደርስ በምትጠብቅባት ቅጽበትም ትከሻዋን እያወረደች እንደምትተነፍስ ነገረችኝ። ጡንቻው ፈጽሞ ባይላላም ጣቴን መቀበል ጀምሯል። እናቷ እስከዚያ ድረስ በዝምታ ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ዶክተር፣ እንሰት ስፍቅ ለምውል ለእኔስ ይሆነኛል?» አሉኝ። ሌላ በርጩማ አምጥቼ ከልጃቸው አጠገብ አኖርሁላቸው።