የጥርስ መሣሪያ በፈላ ውሃ ብቻ ለምን አይነጻም?

ጥርሱን የታመመ ሰው ከሕመሙ ለመገላገል ከመጣደፉ የተነሣ ሌላ ነገር አያስብም። ስለዚህ በዊንጌትና በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ፣ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቢሄድም ሆነ ወደ አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ቢገባ፣ ከወንበሩ ላይ ተቀምጦ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጉጠቱ እንዴት እንደ ነጻ የሚጠይቀው ከስንት አንድ ነው። የሚጠይቀውም ቢሆን «በፈላ ውሃ ተቀቅሏል» የሚል መልስ ከሰማ ልቡ ያርፋል። ይህ መልስ በተለይ ጉለሌን በመሰለ ደጋ ላይ ለምን በቂ እንደማይሆን በዚህ ወር ልናስረዳ ወደናል።

ጥርስ ሲነቀል ወይም ድድ ሲጸዳ መሣሪያው ደም ይነካል። በደም ከሚተላለፉት በሽታዎች ዋነኞቹ ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ የተባሉት የጉበት በሽታዎች፣ እንዲሁም ኤች አይ ቪ ናቸው። ከእነዚህም መካከል የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እጅግ ጽኑ ነው፤ ከሰው አካል ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ ሆኖ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላልና። ይህም ሥጋት የወሬ አይደለም። በአሜሪካ አገር በቱልሳ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 የአንድ ጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ሲመረመር፣ የመሣሪያ ማምከኛው ለዓመታት ሳይፈተን መቆየቱ ተደረሰበት። 7,000 ያህል ታካሚዎች ደማቸውን እንዲያስመረምሩ ተጠሩ፤ ሄፓታይተስ ሲም በዚያ ክሊኒክ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው መተላለፉ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። ነገሩ የደረሰው መሣሪያ በጠፋበት አገር ሳይሆን በሞላበት አገር መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ፈላው ውሃ እንምጣ። ውሃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ደጋ በወጣን መጠን ግን በላዩ የሚጫነው አየር ስለሚቀል፣ ባነሰ ሙቀት መፍላት ይጀምራል። ዊንጌት በእንጦጦ ግርጌ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ በዚያ ውሃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቢያነዱት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ የውሃው ሙቀት አይጨምርም። ከአዋሽ ወይም ከድሬዳዋ መጥታ አዲስ አበባ የከተመች ባለ ቤት፣ የሽምብራ ንፍሮ አልበስል እያለ ማገዶ ሲፈጅባት ይህን ጉዳይ ያለ አስተማሪ ተረድታዋለች።

በዚህ ሙቀት ብዙዎቹ የበሽታ ተሐዋስያን ይሞታሉ። መንጋጋ ቆልፍን እንደሚያመጣው ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ስፖር የሚባል፣ ቅርፊቱ የጠነከረ ዘር ስለሚያበጁ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ በሚፈላው ውሃ እንኳ ሊተርፉ ይችላሉ። የፓስተር ባልደረባ የነበረው ፈረንሳዊው ሻርል ሻምበርላን እ.ኤ.አ. በ1879 አውቶክላቭ የተባለውን ማምከኛ የሠራው ይህን ለማሸነፍ ነው። በጥብቅ በተዘጋው ዕቃ ውስጥ እንፋሎቱ ሲታመቅ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በ121 ዲግሪ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ በ134 ዲግሪ ደግሞ 3 ደቂቃ ያስፈልጋል። ደቂቃው የሚቆጠረው ሙቀቱ ከተሟላ በኋላ ሲሆን፣ ለታሸገ መሣሪያ ጊዜው ይረዝማል።

ደጋው እዚህም ላይ ይፈታተነናል። ቆላ ላይ የተጻፈው የአሠራር መመሪያ ግፊቱ በኢንች ካሬ 15 ፓውንድ ሲደርስ 121 ዲግሪ ይገኛል ይላል። በዊንጌት ከፍታ ግን በዚሁ ግፊት የሚገኘው 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የግፊት መለኪያውን ብቻ የሚያይ ሠራተኛ ሳያውቀው በጎደለ ሙቀት ይሠራል። መሣሪያው የሚችል ከሆነ ግፊቱን ወደ 19 ፓውንድ ከፍ ማድረግ፣ ከሁሉም ይልቅ ቴርሞሜትሩን ማመን ይገባዋል። ከአዲሶቹ ማምከኛዎች ብዙዎቹ ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ በምድጃ ላይ የሚጣዱት ግን ሰውን ይጠብቃሉ። በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ቀለሙን የሚለውጥ ወረቀትም ጥቅሉ በሙቀት ማለፉን ይናገራል እንጂ ስፖሩ መሞቱን አይመሰክርም፤ ለዚህ ሕያው ስፖር ያለበት መፈተኛ ከመሣሪያው ጋር ገብቶ መታየት አለበት።

ከማምከኑ በፊት ደሙ በሳሙናና በብሩሽ መታጠብ አለበት፤ የረጋ ደም ለተሐዋስያን መሸሸጊያ ነውና። በረኪና ለወለልና ለመሰል ነገር ነው፤ 5 በመቶ የሆነው አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ይደባለቃል። ጉጠትን ግን ያዝገዋል እንጂ ማምከኛውን አይተካም። የመቦርቦሪያው እጀታ ሲቆም ምራቅና ደም ወደ ውስጡ ስለሚስብ፣ ውጭውን በአልኮል መጥረግ አይበቃም፤ ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ መምከን አለበት። መርፌውና የማደንዘዣው ብልቃጥ፣ ግማሹ ቢተርፍም እንኳ፣ ለሁለተኛ ሰው አይውሉም።

ታካሚው ይህን ሁሉ ሊያይ አይችልም፤ ነገር ግን የታሸገው ጥቅል በፊቱ ሲከፈት፣ ሐኪሙም እጁን ታጥቦ አዲስ ጓንት ሲያጠልቅ ለማየት ይችላል። «ዶክተር፣ ማምከኛዎ በስንት ዲግሪ ይሠራል? መቼስ ተፈተነ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም በዚህ አይቀየምም።

መምህራን ደግሞ ነገሩን በአንድ ክፍለ ጊዜ ለማሳየት ይችላሉ። ንጹሕ ውሃ በሚፈላበት ማሰሮ ውስጥ፣ ታቹን ሳይነካ፣ እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትር ይንጠልጠል፤ ተማሪዎቹም ከእሳቱ ራቅ ብለው ቁጥሩን በየደቂቃው ይጻፉ። 92 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ ማገዶ ቢጨመርም ከዚያ አያልፍም።