ስደተኛን ለአዲስ ኑሮ የሚያነሳሳው ምንድን ነው?

በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የምትገኘው ኤረር ከፍል ውሃዋ ሌላ የምትታወቀው በቀድሞው የባቡር መስመር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰ ሲሆን፣ ሁርሶ፣ ኤረርና አፍደም በዚሁ መስመር ላይ ተከታትለው ይገኛሉ። ስደተኞችና ተመላሾች ከአዲስ ኑሮ ጋር የሚላመዱት ምን ሲያነሳሳቸው ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ለሚሻ፣ የኤረር ጎረቤት የሆነችው ሁርሶ ጥሩ መነሻ ትሆናለች።

እ.ኤ.አ በ1977 እና 1978 በተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ሳቢያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ። በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ ብዙዎቹ የተመለሱ ሲሆን፣ ከእነርሱም ከፊሎቹ ሁርሶ ሰፈሩ። የመጡት ወደ ሀገራቸው ቢሆንም የጠበቃቸው ኑሮ ትተውት የሄዱት አልነበረም። በሥፍራው ጥናት ያካሄዱት አንትሮፖሎጂስት ክርስቲና ዛሮውስኪ እ.ኤ.አ በ2000 እና በ2004 ባሳተሟቸው ጽሑፎች እንዳመለከቱት፣ ነዋሪዎቹ የደረሰባቸውን መከራ በዋናነት የገለጹት በአእምሮ ሕመም ቋንቋ አይደለም። ይናገሩ የነበረው ስላጡት ሀብት፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ፍትሕ መጓደልና ማኅበረሰባቸውን መልሶ ስለማቋቋም ነበር። ቁጣቸውም ኀዘን ብቻ አልነበረም፤ ይገባናል የሚሉትን የመጠየቂያ መንገድም ነበር።

ይህ ግኝት በመሥሪያ ቤቶች አካባቢ የተለመደ አንድ አባባል እንደገና እንዲመረመር ያደርጋል። ስደተኛ ወይም ተመላሽ ሥራ ሳይጀምር ሲቀር «የጠባቂነት መንፈስ ተጠናውቶታል» ይባላል። አባባሉ ሁኔታውን ይሰይማል እንጂ አያብራራም። ተነሳሽነትን ያጠኑት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን፣ ሰው ከውስጡ ተነሳስቶ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት ያስረዳሉ፤ እነዚህም የሚያደርገውን በራሱ ፈቃድ መምረጥ፣ እችላለሁ የሚል ስሜትና ከሌሎች ጋር መተሳሰር ናቸው። ከመጠለያ ለመውጣት ፈቃድ የሚጠብቅ፣ ሙያ እያለው እንዲሠራበት ያልተፈቀደለት ሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይጎድሉታል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ተነሳሽነቱ ቢቀዘቅዝ ምክንያቱን በጠባዩ ውስጥ ብቻ መፈለግ ስህተት ይሆናል።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ቤሪ በበኩላቸው ከአዲስ ባህል ጋር መላመድን በሁለት ጥያቄዎች ይመለከቱታል። አንደኛው የራስን ባህል ስለመጠበቅ፣ ሁለተኛው ከአዲሱ ማኅበረሰብ ጋር ግንኙነት ስለመፍጠር ነው። ለሁለቱም «አዎን» የሚሉ ሰዎች ባመዛኙ የተሻለ እንደሚላመዱ ጽሑፎቻቸው ያመለክታሉ፤ ይሁንና ይህ ምርጫ የሚሠራው ተቀባዩ ማኅበረሰብ በሩን ሲከፍት ነው። በጅግጅጋ ዙሪያ ያለው ሁኔታ ለዚህ የተለየ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ በ1991 በተቋቋመው ቀብሪበያህ፣ በ2007 በተከፈተው አውበሬና በ2008 በተከፈተው ሸደር የተጠለሉት የሶማሊያ ስደተኞች ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በቋንቋና በሃይማኖት አንድ ናቸው። በቀብሪበያህ የከተማው ነዋሪና ስደተኛው ከጀረር ሸለቆ የሚመጣውን ውሃ ተጋርተው ይጠጣሉ። ስለዚህ የባህል ልዩነት እዚህ ዋነኛው እንቅፋት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ታዲያ የስደተኛው ልብ ለምን ሌላ ቦታ ይሆናል? ሶማሊኛ ለዚህ «ቡፊስ» የሚል ቃል አለው። መንፋት ከሚል ግስ የመጣው ይህ ቃል፣ በሦስተኛ ሀገር ለመስፈር ያለውን ብርቱ ናፍቆት ይገልጻል፤ ናፍቆቱ ያደረበት ሰውም በዚሁ ስም ይጠራል። ጉዳዩን በኬንያ ዳዳብ መጠለያዎች ያጠኑት ሲንዲ ሆርስት እንደሚሉት ቡፊስ ሁለት ገጽታ አለው። አስቸጋሪውን ኑሮ በተስፋ ለማለፍ ይረዳል፤ ጉዞው ሲሰናከል ግን ሰውን እስከ አእምሮ መታወክ ሊያደርስ ይችላል። ከቀብሪበያህም ወደ ሦስተኛ ሀገር የሄዱ ቤተሰቦች በመኖራቸው፣ ወደ ኋላ የቀረው ሰው ተስፋ መሠረት የለሽ ነው ሊባል አይችልም። ሆኖም ነገ እሄዳለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ዛሬ ሱቅ ለመክፈት ወይም የረጅም ጊዜ ሥልጠና ለመጀመር አይቸኩልም። ይህ ስሌት እንጂ ስንፍና አይደለም።

ስሌቱን ሊለውጡ ከሚችሉት ነገሮች አንዱ ሕግ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ቀደም ሲል የነበረውን አዋጅ ቁጥር 409/1996 በመተካት፣ ስደተኞች በተወሰኑ ሁኔታዎች እንዲሠሩ፣ እንዲዘዋወሩ፣ እንዲማሩ፣ የባንክ ሂሳብ እንዲከፍቱና ልደትን የመሳሰሉ ወሳኝ ኩነቶችን እንዲያስመዘግቡ ፈቅዷል። አፈጻጸሙ ግን የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ብቻውን የሚወጣው አይደለም፤ የንግድ፣ የሥራና ክህሎት እንዲሁም የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤቶችን ይጠይቃል። የአካባቢው ወጣት ራሱ ሥራ በሚፈልግበት ወረዳ ይህን ማስተናገድ ቀላል አለመሆኑም መታወቅ አለበት።

በቀብሪበያህ መጠለያ በተቋቋመበት ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለእርሱ አዲስ የሚሆነው ባህል የጅግጅጋ ሳይሆን ወላጆቹ ጥለውት የመጡት ሀገር ነው። የንግድ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲመጣ የሚመለከተው ሠራተኛም ምናልባት በዕድሜ ከእርሱ ያነሰ፣ በዚያችው ከተማ ያደገ ሰው ነው።