የትንፋሽ መለኪያና የታመመ አንጀት፦ የሚባለውና እውነታው

በሊቦ ከምከም ወረዳ ይፋግ ገበያ ላይ ሆዱ የነፋው ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ «ጨጓራ ነው» ይለዋል፤ ሌላው «አሜባ ነው፣ ፍላጅል ዋጥበት» ይለዋል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ ስለ ቤት ውስጥ የትንፋሽ መለኪያ ይሰማል። መለኪያው መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ እፍ ሲሉበት ቁጥሩን ስልክ ላይ ያወጣል። የደብሊኑ ፉድማርብል የሚሸጠው አንዱ ነው። መሣሪያው የሚለካው ነገር እውነት ነው፤ የሚባልለት ግን ከሚለካው ይበልጣል። ክሮንስ ወይም አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የተባለው የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ይህን ለይቶ ካላወቀ ይጎዳል።

የሚባለው፦ «ቁጥሩ ከፍ ካለ አንጀቴ ቆስሏል ማለት ነው።»

እውነታው፦ መሣሪያው ቁስል አያይም፤ የሚለካው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን የተባለ ጋዝ ነው። የሰው ሴል ሃይድሮጅን አይሠራም፤ የሚሠሩት አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ትንሹ አንጀት ያልመጠጠው ስኳርና ስታርች ትልቁ አንጀት ሲደርስ፣ ባክቴሪያዎቹ እንደ እንጀራ ሊጥ ያቦኩታል። ከጋዙ ከፊሉ ደም ውስጥ ገብቶ በሳንባ በኩል ይወጣል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚናገረው ምግቡ ሳይፈጭ መቡካቱን ብቻ ነው፤ ባቄላ የበላ ጤነኛ ሰውም ቁጥሩ ይወጣል። ብግነትን የሚያሳዩት ሰገራ ውስጥ የሚለካው ካልፕሮቴክቲን የተባለ ፕሮቲን፣ ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያየው ኮሎኖስኮፒና ከአንጀት ተቆንጥሮ የሚመረመረው ናሙና ናቸው።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ብግነቱ በመድኃኒት ጋብ ካለ በኋላም ብዙ ሕሙማንን መነፋትና ቁርጠት አይለቃቸውም። ያን ጊዜ ጥያቄው «በሽታው አገረሸ ወይስ ምግቡ ነው?» ይሆናል። ካልፕሮቴክቲኑ ዝቅተኛ ሆኖ፣ ከአንድ ምግብ በኋላ ትንፋሹም ሕመሙም አብረው ከተነሡ፣ ጥርጣሬው ወደ ምግቡ ያጋድላል።

የሚባለው፦ «ወተት ያልተስማማው ሰው ታሟል፤ የወተት ተዋጽኦ በሙሉ ይቅርበት።»

እውነታው፦ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ላይ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል፤ ይህ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያንን ላክቶስ አጠጥቶ ትንፋሻቸውን ለክቷል፤ አዋቂ ሰው ወተት እንዲፈጭ የሚያስችሉት የዘረ መል ልዩነቶች እኛ ዘንድ በርከት ያሉ መሆናቸውንም አሳይቷል። ትንሹን አንጀት የነካ ክሮንስ ግን ኢንዛይሙን ራሱ ሊያሳንስ ይችላል።

በሕክምና ቦታ የላክቶስ ምርመራው እንዲህ ነው፦ 25 ግራም ላክቶስ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ከዚያ እስከ 3 ሰዓታት ለሚደርስ ጊዜ በየተወሰነ ደቂቃው መሣሪያው ላይ ይተነፈሳል። ሃይድሮጅኑ ከመነሻው በ20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20 እጅ) ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ላክቶሱ በደንብ አልተፈጨም። እንዲያም ሆኖ የፎገራ ላም ወተት የነፋውን ሰው እርጎዋ ልትስማማው ትችላለች፤ ሲረጋ ላክቶሱ ይቀንሳል። ከአይብ ደግሞ ብዙው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፤ የተነጠረ ቅቤ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

የሚባለው፦ «ቁጥሩን ያስነሣውን ምግብ ሁሉ መተው ነው።»

እውነታው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት የሚቦካ ካርቦሃይድሬት ስላላቸው በጾም ወራት ቁጥሩ ቢወጣ አይደንቅም። በአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የተቀመረው እነዚህን የሚቀንስ አመጋገብ እንኳ ጊዜያዊ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ይቀነሱና አንድ በአንድ ይመለሳሉ። የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ክብደቱም ደሙም ያነሰ ነው። በጾም ሥጋና ወተት ቀርቶ ጥራጥሬም ከታገደ፣ ፕሮቲን ከየት ያገኛል? ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ቢመክር ይሻለዋል።

የሚባለው፦ «ቁጥሩ ዝቅ ካለ ምንም የለብኝም።»

እውነታው፦ የአንዳንዱ ሰው አንጀት ሃይድሮጅኑን ወደ ሚቴን የሚቀይሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ያሉበት ነው፤ ሃይድሮጅን ብቻ የሚለካ መሣሪያ ያልፈዋል። ሳያማክር ፍላጅል የዋጠ ሰውንም፣ መድኃኒቱ ጋዝ ሠሪዎቹን ባክቴሪያዎች ስለሚያዳክም፣ ቁጥሩ ሊያሳስተው ይችላል፤ ከጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት በኋላ 4 ሳምንት መቆየት ይመከራል። በምርመራው ዋዜማ ቀለል ያለ ምግብ ይበላል፤ ነጭ ሩዝ እምብዛም ጋዝ ስለማያወጣ ተመራጭ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፎገራ ሜዳ አይጠፋም። ከዚያ ከምርመራው በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ሳይበሉ ይቆያሉ፤ ሲጋራም አይጨስም።

የሚባለው፦ «የጨጓራ ባክቴሪያንም ያሳያል።»

እውነታው፦ አያሳይም። ለጨጓራ ባክቴሪያው፣ ለኤች ፓይሎሪ፣ የሚደረገው የትንፋሽ ምርመራ ሌላ ነው፤ ምልክት የተደረገበት ዩሪያ ተውጦ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመረመራል።

የሚባለው፦ «ደም ያለበት ተቅማጥ እኛ ጋ አሜባ ነው፤ የአንጀት ብግነት የፈረንጅ በሽታ ነው።»

እውነታው፦ ጣና ዳር ደም ያለበት ተቅማጥ ቢልሃርዚያም ሊሆን ይችላል። የአንጀት ቲቢ ከክሮንስ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ሳይለዩ ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ መስጠት ቲቢውን ያባብሰዋል። ክሮንስና አልሰሬቲቭ ኮላይቲስም ኢትዮጵያውያንን ይይዛሉ፤ ወደ እስራኤል ከሄዱ ቤተ እስራኤላውያን መካከልም ከዓመታት ኑሮ በኋላ የታመሙ አሉ። ግምት ምን እንደሚያስከፍል ሊቦ ከምከም ያውቀዋል፦ በ1997 ዓ.ም. ካላዛር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ሰው ይጨርስ የነበረው ትኩሳት መድኃኒት የተላመደ ወባ ተብሎ ነበር።

ስለዚህ ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ መለኪያው ይቆይ። መጀመሪያ አዲስ ዘመን ከተማ ሄዶ ሰገራና ደም ማስመርመር፣ ካልተለየ ሪፈር አጽፎ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን መድረስ ነው። የበሽታው ስም ከታወቀ በኋላ የተበላው ምግብ፣ የትንፋሹ ቁጥርና የሕመሙ ሰዓት አብረው የተጻፉበት ደብተር ሐኪሙን በእርግጥ ያግዘዋል።