ዐዲስ ደንብና ቀድሞ የተሰናዳ ሠሪ

ደንብ ሲለወጥ ገበያም እንደሚለወጥ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፥ ከ1961 ጀምሮ የፎርሙላ አንድ መኪና ሞተር ከ2.5 ሊትር ወደ 1.5 ሊትር ዝቅ እንዲል ወሰነ። የእንግሊዝ ሠሪዎች ውሳኔው ይሻራል በማለት ሲከራከሩ ጊዜው አለፈባቸው። የኢጣልያው ፌራሪ ግን ባለ 6 ሲሊንደር ሞተሩን ያሰናዳ ነበር።

ዘመኑ በደረሰ ጊዜ እንግሊዞች ባለ 4 ሲሊንደር በሆነው በአሮጌው ክላይማክስ ሞተር ተሰለፉ። ከ8ቱ የሻምፒዮና ውድድሮች ፌራሪ 5ቱን ወሰደ። ሆኖም ስተርሊንግ ሞስ ኀይሉ ባነሰ ሎተስ በሞናኮና በኑርቡርግሪንግ አሸነፈ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ በሆነበት ስፍራ የነጂ ብልሃት የሞተርን ጉድለት ይሸፍናልና።

የፌራሪ ድል ግን ያለ ኀዘን አልተፈጸመም። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1961 በሞንዛ በደረሰው አደጋ ነጂው ቮልፍጋንግ ፎን ትሪፕስና ብዙ ተመልካቾች ሞቱ፤ ሻምፒዮናውም በ1 ነጥብ ብልጫ ለባልደረባው ለፊል ሂል ሆነ።

በ1962 እንግሊዞች ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ይዘው ቀረቡ። ግራሃም ሂል በቢ.አር.ኤም. መኪና ሻምፒዮን ሲሆን፥ ፌራሪ አንድም የሻምፒዮና ውድድር ሳያሸንፍ ዓመቱ አለቀ።

እንግዲህ ዐዲስ የዕቃ ደረጃ ወይም የጉምሩክ ደንብ በታወጀ ጊዜ፥ ይሻር ይሆናል እያሉ መጋዘንን በአሮጌ ዕቃ መሙላት ኪሳራን መጥራት ነው። ቀድሞ የተሰናዳውም ቢሆን በአምና ትርፉ ተማምኖ ሊተኛ አይገባውም።