ማንም አልጠቆመም

አንዲት ደንበኛዬ ከአጎቷ ልጅ ጋር ከተኳረፈች ሰነበተች። ሜሪላንድ ውስጥ በቤቷ ሕፃናት የምትጠብቅ ሴት ናት። ከአሜሪካው ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ የደረሳት ደብዳቤ ታክሷ ለብሔራዊ የጥናት ፕሮግራም በዘፈቀደ ተመርጦ እንደሚመረመር ይናገራል። መስመር በመስመር አነበብኩላት። በትዕግሥት ሰማችኝና «አንተ አታውቀውም እንጂ ጠቋሚውን እኔ አውቀዋለሁ» አለችኝ። ኦዲቱ አልቋል፤ ኩርፊያው ግን አላለቀም።

«ምን አድርጌ ነው የመረጡኝ?» ለሚለኝ ሰው «ምንም» ብዬ መመለስ ሰልችቶኛል፤ የሚያምነኝ የለምና። ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት አገር ቤት የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ ስንቱ ባለሱቅ ሱቁን ዘግቶ እንደተቃወመ እናስታውሳለን። ገማቹ ደጅ ቆሞ ሽያጭህን በዓይኑ መትሮ ከሄደ፣ ማን ምን ነገረው ብሎ ማሰብ አይቀርም። የጥናቱ ኦዲት ግን ሌላ ነገር ነው።

መደበኛው ኦዲት የሚያየው ቀድሞ የተጠረጠረውን ነው። በዚያ ተመርኩዞ አገሪቱ ስንት ግብር እንደቀረባት መናገር፣ ሆስፒታል የተኙትን ቆጥሮ የከተማውን ጤና እንደመገመት ነው። ልኩ የሚገኘው ጥርጣሬ የሌለበትም ሰው ዕጣው ሲደርሰው ብቻ ነው። «ንጹሑን ለምን ያስቸግሩታል?» የሚሉ የሙያ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ ይህን ይዘነጉታል።

ታሪኩም ይኸው ነው። ከአሁኑ በፊት የነበረው ተመሳሳይ ጥናት ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1988 የግብር ዘመን ላይ ነበር። ቀጣዩ በ1994 የግብር ዘመን ላይ ወደ 150,000 የሚጠጋ ሰው ሊመረምር ታቅዶ፣ ከሕዝብም ከኮንግረስም ቁጣ ስለገጠመው በ1995 ተሰረዘ። እስከ 2001 የግብር ዘመን ጥናት ድረስ ከጥናቱ ውጤት ተነሥቶ ኦዲት የሚደረገውን ሰው የሚለየው ቀመር የ1988ቱን አሜሪካ እያየ ሠራ። ቀመሩ ሲያረጅ የሚጎዳው ያለጥፋቱ የሚጠራው ሰው ነው። የጥናቱ ዕጣ የሚወጣው ለእሱም ሲባል ነው።

ጥናቱ ያሳየውን ደግሞ ሁላችንም ልናውቀው ይገባል። ለ2022 የተገመተው በወቅቱ ያልተከፈለ ግብር 696 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ዘግይቶና ተገድዶ የሚከፈለው ሲቀነስ 606 ቢሊዮን ይቀራል። 85 በመቶ ያህሉ ያለአስገዳጅ በጊዜው ይከፈላል። ቀሪው የጎደለበት ቦታ ነው ዋናው ቁምነገር። ቀጣሪው ግብሩን ቆርጦ ለመንግሥት በሚያሳውቀው ደመወዝ ላይ በትክክል ሳይመዘገብ የሚቀረው 1 በመቶ ገደማ ነው። ማንም የማያሳውቀው ገቢ ላይ ግን 55 በመቶ ይደርሳል።

ቀን ሆቴል፣ ሌሊት ታክሲ የሚሠራውን ሰው አስቡት። የሆቴሉ ደመወዝ እስከ ሳንቲሙ ልክ ነው፤ በካሽ የተቀበለው ግን ይጎድላል። ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ «የእኛ ሰው ያጭበረብራል፣ ፈረንጅ ሐቀኛ ነው» የሚለውን ወሬ ቢሮዬ ውስጥ መስማት አልፈልግም። የጎደለው ሁሉም ስርቆት አይደለም፤ መዝገብ ያልያዘ ሰው በግምት ሲሞላም ይሳሳታል። የሚቀንሰውም ስብከት አይደለም፤ ገቢው ከሦስተኛ ወገን ሲታወቅና ግብሩ ከምንጩ ሲቆረጥ ነው።

ጥናቱ ላይ ቅሬታ አለኝ። ኦዲተሩ ያላየውን በስሌት ቢጨምሩበትም፣ ውጭ አገር የተደበቀ ሂሳብና ዲጂታል ገንዘብ በአግባቡ አይለካም። የሕፃናት ጠባቂዋን የምግብ ወጪ በዶላር የሚቆጥር መሣሪያ ለባለጠጋው የሩቅ ባንክ ዓይኑ ይደክማል። መስተካከል ያለበት ይህ ነው፤ መሣሪያውን መጣል ግን 1995ን መድገም ነው።

ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ዘመድ ከመጠርጠራችሁ በፊት ለምን እንደተመረጣችሁ የሚለውን አንቀጽ አንብቡ፤ አስነብቡ። መልስ የሚሰጥበትን ቀን አታሳልፉ። የማይል መዝገባችሁንና ደረሰኛችሁን ቢያንስ ለ3 ዓመት አስቀምጡ፤ ኦዲተሩ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።