ሎሚው ብርጭቆው ውስጥ ነው

አስኮ ባለችው ትንሿ ምግብ ቤታችን ዓሣ የምጠብሰው እኔ ነኝ። ከዝዋይ የሚመጣውን ቆሮሶ ቅርፊቱን እፍቃለሁ፤ ግራና ቀኝ ጎኑን እተለትልና ጨው ነስንሼ የጋለ ዘይት ውስጥ እከተዋለሁ። ሳህኑ ላይ ዳጣና ለሁለት የተሰነጠቀ ሎሚ አይቀርም። ሎሚውን ለዓመታት ያቀረብኩት እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጥቅሙን በደንብ ያስተማረኝ አንድ ጠርሙስ ወይን ነው።

ጠርሙሱን ያመጡት የሰፈራችን አዛውንት ናቸው። ልጃቸው ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሞንፔሊዬ ትኖራለች፤ ለዘመድ ጥየቃ ስትመጣ ሁለት ጠርሙስ ይዛላቸው መጣች። ረጅም አረንጓዴ ጠርሙስ ነው፤ «ፒክፑል ደ ፒኔ» ይላል። አንዱን ቤታቸው ከፍተው አልጣማቸውም። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ኮምጥጧል መሰለኝ፤ እስቲ አንቺ እይው» ብለው ሁለተኛውን ሰጡኝ። ቀመስኩት። ምንም አልሆነም፤ ተፈጥሮው ነው።

ፒክፑል የወይን ፍሬው ስም ነው፤ ትርጉሙም «ከንፈር ነካሽ» እንደ ማለት ነው ይባላል። ፒኔ ደግሞ ቶ ከሚባለው የጨው ውኃ ሐይቅ አጠገብ ያለች መንደር ናት። ፀሐይ በበረታበት አገር የወይን ፍሬ ስኳሩ ሲጨምር ኮምጣጣነቱ ይሸሻል፤ ይህ ዘር ግን በሙቀትም ኮምጣጣነቱን አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 በፈረንሳይ ሕግ የራሱን የተጠበቀ የአካባቢ ስም አግኝቷል። የሐይቁ ሰዎች ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት ያረባሉ፤ እኛ ቁርጥ እንደምንበላ በጥሬው ይበሉትና በላዩ ይህንን ወይን ይጠጡበታል።

እኔ ኦይስተር የለኝም፤ ቆሮሶ ግን አለኝ። የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጠርሙሱን በረዶና ውኃ የሞላው ባልዲ ውስጥ ከተትኩ፤ አንድ እፍኝ ጨው ጨመርኩበት። ሃያ ደቂቃ ያህል በቃው። ዓሣውን ጠብሼ ለአዛውንቱ አቀረብኩላቸው። አንዴ ጎረሱና ሳህኑን ዞር ዞር አድርገው አዩት።

«ሎሚውን ረሳሽው።»

«ጋሼ፣ ሎሚው ብርጭቆው ውስጥ ነው። ከዓሣው አስከትለው ይጎንጩለት።»

ተጎነጩ። ደግመው ጎረሱ፤ ደግመው ተጎነጩ። «አሁን ገባኝ» አሉ።

ነገሩ ቀላል ነው። ዘይቱ ምላስ ላይ ይለጠፋል፤ ኮምጣጣው ያጥበዋል፤ ቀጣዩም ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይጣፍጣል። የዓሣው ጨው በበኩሉ የወይኑን ኮምጣጣነት ያለዝበዋል። ቤታቸው ብቻውን ሲጠጡት ያስቸገራቸው ወይን ከዓሣ ጋር የተስማማቸው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ መመሪያ ይዣለሁ፦ ሎሚ የምትጨምቁበት ምግብ ሁሉ ቀዝቃዛ፣ ስኳር የሌለው ነጭ ወይን ይወዳል። ዓሣ ለብለብም ሆነ ትኩስ የምስር ሳምቡሳ ይስማማዋል። እንጀራችን ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ለዘብ ያለ ወይን አጠገቡ ሲቀርብ ውኃ ውኃ ይላል። ዶሮ ወጥ ግን ሌላ ነው። በርበሬን የሚያስታግሰው ጣፋጭነት ነው፤ ለእሱ ጠጅ ወይም ጣፈጥ ያለ ነጭ ወይን ይሻላል።

በእኛ ሰፈር ወይን ሲባል አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው ጉደር ነው። መንገዱም በእኛ በኩል አልፎ፣ አምቦን ተሻግሮ፣ ስሟን ለዚያ ቀይ ወይን ካዋሰችው ጉደር ይደርሳል። እወደዋለሁ፤ ለጥብስ ደግ ነው። ከዓሣ ጋር ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ አፍ ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል። ለዓሣ የሚሆን ነጭ ወይን ደግሞ አገራችን አላጣችም። የአዋሽ ክሪስታል አለ። ካስቴል የተባለው የወይን ኩባንያም ዝዋይ ላይ ካለማው የወይን እርሻ «ሪፍት ቫሊ» ሻርዶኔን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለገበያ አቅርቧል። የፒኔ ሰዎች ወይናቸውንና ኦይስተራቸውን ከአንድ ሐይቅ ዳር እንደሚያገኙ ሁሉ፣ እኛም ዓሣውንና ወይኑን ከዝዋይ እናገኛለን።

ሻርዶኔው ከፒክፑል ለዘብ ይላል። ስለዚህ ነጭ ወይን ያዘዘ እንግዳ ሲመጣ ሎሚውን ጨርሼ አላስቀርም፤ በትንሽ ሳህን ለብቻው አቀርብና «መጀመሪያ ያለ ሎሚ ይቅመሱት» እላለሁ። ሳህኑን ሳነሳ ሎሚው ሳይነካ ካገኘሁት ምርጫው እንደተሳካ አውቃለሁ።